የጤና ሙያ ፈቃድን ከክልል ወደ ክልል ማዛወር፦ ወደ ሰሜን ሸዋ ለምትመጡና ከሰሜን ሸዋ ለምትሄዱ

ነርስ፣ አዋላጅ፣ ሐኪም፣ ፋርማሲስት ወይም የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆናችሁ ክልል ልትቀይሩ ካሰባችሁ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። እዚህ ባለሙያ ይመጣል፣ ይሄዳልም። ከፍቼ ወይም ከአዲስ አበባ የሚመጣ አለ። ከመሐል ሜዳ፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከዓለም ከተማ ተነሥቶ የሚሄድ አለ። ምክንያቱ ብዙ ነው። ትዳር አለ፣ የታመመ ወላጅ አለ፣ የተሻለ ደመወዝ አለ። ሥራው ከተገኘ በኋላ ግን ሁሉም አንድ ጥያቄ ላይ ይደርሳል፦ «ላይሰንሴስ እንዴት ይሆናል?»

ከሁሉ በፊት ይህን ያዙ። የቀድሞ ፈቃዳችሁን ይዛችሁ አዲሱ ቢሮ ብትሄዱ ወረቀቱ ብቻውን አይበቃም። አዲሱ ክልል የሚፈልገው የቀድሞው ክልል ስለ እናንተ የሚሰጠውን ቃል ነው። ይህ ሰው እኛ ዘንድ ተመዝግቧል፣ ፈቃዱ እውነተኛ ነው፣ የተወሰደበት እርምጃ የለም የሚል ቃል። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከምትለቁት ክልል ነው፤ የሚጀመረውም መልቀቂያ ከማስገባታችሁ በፊት ነው።

ሰው የሚጉላላው ይህን ቅደም ተከተል ሲገለብጠው ነው። ሥራውን ይለቃል፣ ዕቃውን ጭኖ ይመጣል፣ ቤት ይከራያል። ከዚያ አንዲት ደብዳቤ ጎደለች ተብሎ ወደ መጣበት ይመለሳል። በዚህ መሐል ደመወዝ የለም። ለእኔ ከዚህ በላይ የሚከነክነኝ ደግሞ ጤና ጣቢያው ነው። መንዝ ውስጥ ያለ ጤና ጣቢያ አንዲት አዋላጅ ለማግኘት ብዙ ጠብቆ፣ ባለሙያዋ ከመጣች በኋላ በወረቀት ምክንያት ማዋለጃ ክፍሉ ባዶ ሲሆን የሚጎዱት እናቶች ናቸው።

ፈቃዱን የሚሰጠው ማነው?

የጤና ባለሙያን መመዝገብና ፈቃድ መስጠት በፌዴራል ጤና ሚኒስቴርና በክልሎች መካከል የተከፋፈለ ሥራ ነው። አዲስ አበባና ድሬዳዋም የራሳቸው ተቆጣጣሪ አካል አላቸው። ፈቃዳችሁን አውጡና ራስጌው ላይ የማን ስም እንዳለ አንብቡ። ማረጋገጫ የምትጠይቁት ያንን መሥሪያ ቤት ነው። የምትሠሩበት ሆስፒታል አሠሪያችሁ ነው፤ ፈቃድ ሰጪያችሁ አይደለም።

ቆየት ያላችሁ ባለሙያዎች እዚህ ላይ ልብ በሉ። ፈቃዳችሁ ላይ የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን የሚል ስም ሊኖር ይችላል። ባለሥልጣኑ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ምግብና መድኃኒት ላይ ብቻ እንዲያተኩር ተደርጎ የባለሙያው ጉዳይ ወደ ጤና ሚኒስቴር ሄዷል። ስለዚህ ማረጋገጫውን የምትጠይቁት ጤና ሚኒስቴርን ነው። በድሮው ስም ደብዳቤ ጽፋችሁ ብትሄዱ በር ላይ ትመለሳላችሁ።

ወደ እኛ ስትመጡ ፈቃዱ የአማራ ክልል ጤና ቢሮ ነው፤ ቢሮው ደግሞ ባሕር ዳር ነው። ለደብረ ብርሃን ሰው ባሕር ዳር ሩቅ ነው። ስለዚህ ከመንገድ በፊት ደብረ ብርሃን ያለውን የዞን ጤና መምሪያ ጠይቁ። የትኛው ጉዳይ በዞኑ በኩል እንደሚያልቅ፣ የትኛው ባሕር ዳር ድረስ እንደሚሄድ እዚያው ተረዱ። የሚጠየቁትን ማስረጃዎች ዝርዝርም ያኔውኑ ጻፉ፤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። የጓደኛ ወሬ አትመኑ። ጓደኛችሁ ያለፈበት ጊዜና የእናንተ ጊዜ አንድ ላይሆን ይችላል።

ከኦሮሚያ ለምትመጡ የክልሉ ጤና ቢሮ የሚገኘው አዲስ አበባ ነው። ከፍቼ አዲስ አበባ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በጠዋት ተነሥቶ ጉዳይ ጀምሮ መመለስ ይቻላል።

ሦስቱ ደብዳቤዎች

ብዙ ሰው የሚምታታበት ቦታ ይህ ነው። «ክሊራንስ ይዣለሁ» ይላል፤ የያዘው ግን ሌላ ወረቀት ነው። ደብዳቤዎቹ ሦስት ናቸው፤ የሚጽፏቸውም የተለያዩ አካላት ናቸው።

አንደኛው የሥራ መልቀቂያና ክሊራንስ ነው። ይህን የሚሰጠው አሠሪያችሁ ነው። ንብረት አስረክባችኋል፣ ዕዳ የለባችሁም፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ ተሰናብታችኋል የሚል ነው። ሁለተኛው የሥራ ልምድ ነው። እሱም ከአሠሪው ነው። ከመቼ እስከ መቼ፣ በምን የሥራ መደብ፣ በስንት ደመወዝ እንደሠራችሁ ይናገራል። ሦስተኛው የሙያ ፈቃድ ማረጋገጫና የመልካም ሥነ ምግባር ደብዳቤ ነው። እሱን የሚጽፈው ፈቃዱን የሰጣችሁ አካል ብቻ ነው። ፈቃዱን የሚያዛውርላችሁ ሦስተኛው ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰው ለሰው ሀብት ክፍል የሚሆን ወረቀት ይዟል፤ ለፈቃድ ክፍሉ ግን ገና ምንም አልያዘም።

ሦስተኛውን ለማግኘት ማመልከቻ ትጽፋላችሁ። ረጅም ታሪክ አያስፈልግም። እንዲህ ይበቃል፦

«ጉዳዩ፦ የሙያ ፈቃድ ማረጋገጫ እንዲጻፍልኝ ስለመጠየቅ። እኔ አመልካች በሙያዬ ክሊኒካል ነርስ ስሆን በቢሮው በቁጥር ……… የተሰጠ የሙያ ፈቃድ አለኝ። ወደ አማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ተዛውሬ ለመሥራት ስለፈለግሁ፣ የፈቃዴን ሕጋዊነትና የሥነ ምግባር ሁኔታዬን የሚገልጽ ደብዳቤ ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ እንዲጻፍልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።»

ከማመልከቻው ጋር የፈቃዱን ኮፒና የመታወቂያችሁን ኮፒ አያይዙ። ዋናውንም ያዙ፤ ማመሳከር ይፈልጋሉ።

ደብዳቤው ተጽፎ ሲሰጣችሁ ቢሮውን ሳትለቁ አንብቡት። ስማችሁ እስከ አያት ድረስ አለ? ሙያችሁና ደረጃችሁ ተጽፏል? የፈቃዱ ቁጥር፣ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን አለ? የዲሲፕሊን እርምጃ መኖሩን ወይም አለመኖሩን ይናገራል? የወጪ ደብዳቤ ቁጥርና ቀን አለው? የኃላፊው ፊርማ፣ ቲተር (የስሙ ማኅተም) እና ክብ ማኅተም አለ? ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ለማስተካከል የሚቀለው እዚያው ቆማችሁ ነው። ደብረ ብርሃን ከደረሳችሁ በኋላ አንድ የተረሳ ማኅተም መልሶ መንገድ ያስገባችኋል።

ደብዳቤው በታሸገ ፖስታ ከተሰጣችሁ እንዳትከፍቱት። መታሸጉ ራሱ ማስረጃ ነው። ከመታሸጉ በፊት ግን ግልባጩን እንዲያሳዩአችሁ መጠየቅ ነውር የለውም። የወጪ ቁጥሩንና ቀኑንም ስልካችሁ ላይ ያዙ። ነገ ደብዳቤው የት ደረሰ ሲባል የምትፈልጉበት መንገድ ያ ቁጥር ነው።

ስለ ቋንቋም ላንሣ። የኦሮሚያ ክልል የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ደብዳቤው በዚያ ቋንቋ ሊጻፍላችሁ ይችላል። እዚህ የሚያነበው ባለሙያ ደግሞ አማርኛ ይፈልጋል። ማመልከቻው ላይ «በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ» ብላችሁ ጠይቁ። ካልሆነ ሕጋዊ ትርጉም ቤት አስተርጉማችሁ ዋናውንና ትርጉሙን አንድ ላይ አቅርቡ። ከእኛ ወደዚያ ለምትሄዱም ነገሩ ያው ነው።

የትኛው ሰሜን ሸዋ?

ይህ የእኛ አካባቢ ብቻ ያለው ጣጣ ነው። ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን ሁለት ነው። አንዱ አማራ ክልል ውስጥ ነው፤ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን ነው። ሌላው ኦሮሚያ ውስጥ ነው፤ ዋና ከተማው ፍቼ ነው። ሁለቱ ዞኖች ጎረቤት ናቸው፤ ሰዉም የተዋለደ ነው። ከዓለም ከተማ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ጀማን ተሻግሮ በለሚና በሙከጡሪ ያልፋል፤ ማለትም ከአንዱ ሰሜን ሸዋ ወጥቶ በሌላው ሰሜን ሸዋ ነው የሚያልፈው። በኑሮ ይህ ችግር የለውም። በደብዳቤ ላይ ግን ችግር አለው።

ደብዳቤው ላይ «ለሰሜን ሸዋ ዞን ጤና» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ወደ ሌላኛው ዞን ሊላክ ይችላል። የሥራ ልምዱ ላይ «ሰሜን ሸዋ» ብቻ ካለም የትኛው ክልል እንደሆነ አይታወቅም፤ መዝጋቢው ያጠራጥረዋል። ስለዚህ የትም ቢጻፍ ሦስቱ አብረው ይሁኑ፦ ክልሉ፣ ዞኑና ከተማው። «አማራ ክልል፣ ሰሜን ሸዋ ዞን፣ ደብረ ብርሃን።» ደብዳቤውን ለሚተይበው ሰው በቃል ከመንገር ይልቅ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ መስጠት ይሻላል።

ሁለቱ ዞኖች በሰፈር ቢቀራረቡም የሁለት ክልል ናቸው። ከፍቼ ሆስፒታል ወደ ደብረ ብርሃን መምጣት ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን እንደመምጣት አይደለም። ከመሐል ሜዳ ለሚመጣ ፈቃዱ የዚያው ክልል ነው፤ የአሠሪ ለውጥ ብቻ ነው ያለው። ከፍቼ ለሚመጣ ግን የፈቃድ ዝውውር አለበት።

ስምና ቀን

ዶሴ ከሚያዘገዩ ነገሮች ሁሉ ዋነኛው ስም ነው። ዲግሪያችሁ ላይ «ገ/ሥላሴ» ተብሎ፣ ፈቃዱ ላይ «ገብረሥላሴ»፣ ፋይዳ ላይ ደግሞ ተነጣጥሎ «ገብረ ሥላሴ» ሆኖ ታገኙታላችሁ። በእንግሊዝኛው ሲመጣ ይብሳል። ወልደማርያምን አንዱ ቦታ አንድ ቃል አድርገው፣ ሌላው ቦታ ሁለት ቃል አድርገው ይጽፉታል። ጽጌን የሚጽፉበት መንገድማ ተቆጥሮ አያልቅም። እናንተ አንድ ሰው መሆናችሁን ታውቃላችሁ። ኮምፒውተሩ ግን አያውቅም።

ሁሉንም ማስረጃ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና ስሙን ፊደል በፊደል አስተያዩት። ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕት፣ የብቃት ምዘና ውጤት፣ ፈቃድ፣ መታወቂያ። ልዩነት ካገኛችሁ የቱ እንደሚታረም ወስኑ። የእኔ ምክር የትምህርት ማስረጃውን መነሻ ማድረግ ነው፤ ፈቃዱም የተሠራው ከእሱ ነውና። የፈቃዱ ስም ከዲግሪው ከተለየ እርማቱን የቀድሞው ክልል ላይ ጨርሱ፣ ከዚያ ማረጋገጫውን አጽፉ። በጋብቻ ወይም በፍርድ ቤት ስም የቀየራችሁ ካላችሁ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ከማኅደሩ ጋር አያይዙ።

ቀን ደግሞ ሌላው ወጥመድ ነው። ፈቃድ ላይ የሚጻፈው ቀን አንዳንዴ በኛ፣ አንዳንዴ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። መስከረም 5 ቀን 2018 ማለት በፈረንጁ መስከረም 15 ቀን 2025 ነው። ፈቃዱ ላይ «2025» የሚለውን አይቶ በኛ አቆጣጠር የመሰለው ሰው ገና ሰባት ዓመት አለኝ ብሎ ይተኛል። ፈቃዱ ግን ጊዜው አልፎበታል። ጊዜው ያለፈበት ፈቃድ ከመዛወሩ በፊት መታደስ አለበት፤ እድሳቱም የቀድሞው ክልል ሥራ ነው። ሊያበቃ ጥቂት ወራት ብቻ ከቀሩትም አድሳችሁ ብትመጡ ይሻላል።

እድሳት ሲነሣ ሲፒዲ ይነሣል። ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ በዓመት 30 ነጥብ ይጠየቃል። ሥልጠና የወሰዳችሁባቸውን ሰርተፊኬቶች አንድ ፋይል ውስጥ አኑሯቸው። ሥልጠናው ዕውቅና ባለው ማዕከል የተሰጠ መሆኑንና ነጥቡ ሰርተፊኬቱ ላይ መጻፉን እዩ። ነጥብ ያልተጻፈበት ሰርተፊኬት ዕውቀት ይሰጣል እንጂ ለእድሳት አይቆጠርም።

ማኅደሩን ማሟላት

ከማረጋገጫው ደብዳቤ ሌላ ብዙውን ጊዜ የሚፈለጉት እነዚህ ናቸው፦ የትምህርት ማስረጃ ዋናውና ኮፒው፣ የቀድሞው ፈቃድ ዋናውና ኮፒው፣ መታወቂያ ወይም ፋይዳ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የጤና ምርመራ ውጤትና የሚቀጥራችሁ ተቋም ደብዳቤ። ከግል ኮሌጅ የተመረቃችሁ የትምህርት ማስረጃው እውነተኛነት ማረጋገጫ ልትጠየቁ ስለምትችሉ ቀድማችሁ አስቡበት። ደረጃ 4 ያላችሁ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ሰርተፊኬታችሁን አትርሱ።

ከ2011 ወዲህ ለተመረቃችሁ አገር አቀፉ የጤና ባለሙያዎች ብቃት ምዘና አለ። ያለፋችሁበትን ማስረጃ አቅርቡ። ምዘናው አገር አቀፍ ስለሆነ ክልል ቀየራችሁ ተብሎ እንደገና አትፈተኑም።

ቴምፖራሪ፣ ማለትም ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃ ብቻ የያዛችሁ አላችሁ። በኮስት ሼሪንግ (በትምህርት ወጪ መጋራት) ወይም በአገልግሎት ግዴታ ምክንያት ዋናው ዲግሪ ዩኒቨርሲቲው ዘንድ የቀረባችሁ ማለት ነው። ይህን ዝም ብላችሁ አትምጡ። ከቀጣሪያችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት፤ ግዴታችሁ የት እንደደረሰ የሚገልጽ ደብዳቤም ከገቢዎች ወይም ከዩኒቨርሲቲው አውጡ።

የግል ክሊኒክ ወይም መድኃኒት ቤት ውስጥ ለሠራችሁ ተጨማሪ አለ። ስማችሁ በዚያ ተቋም ፈቃድ ላይ በሙያ ኃላፊነት ተመዝግቦ ከሆነ በሕግ ዓይን አሁንም እዚያ ናችሁ። መልቀቂያውን ከባለቤቱ መቀበል ብቻውን አይበቃም። ተቋሙን የሚቆጣጠረው አካል ስማችሁን ማንሣቱን አረጋግጡ። በተለይ ፋርማሲስቶች ይህን አደራ። እናንተ በሌላችሁበት በስማችሁ መድኃኒት ሲሸጥ ጥፋት ቢፈጠር የሚጠራው የእናንተ ስም ነው።

ሁሉንም ማስረጃ ስካን አድርጋችሁ ኢሜይላችሁ ላይና ቴሌግራም ላይ አስቀምጡ። ዋናውን ለማንም ጥላችሁ አትሂዱ፤ ተመሳክሮ ይመለስላችሁ።

ማስገባትና መከታተል

ማመልከቻው መዝገብ ቤት ይገባል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ኃላፊው ዘንድ ይሄዳል፣ ኃላፊው ለባለሙያ ይመራዋል። ስትከታተሉ «ደብዳቤዬ የት ደረሰ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «በዚህ ቀን በዚህ ቁጥር ገብቷል፤ ለማን ተመራ?» በሉ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ማንም «ቆይ እናያለን» ብሎ ያልፈዋል። ሁለተኛው ግን መዝገብ አስከፍቶ የሰው ስም ያወጣል። ስሙን ካገኛችሁ በቀጥታ ወደዚያ ሰው መሄድ ነው።

ክፍያ ካለ በደረሰኝ ብቻ ክፈሉ። በር ላይ «እኔ አስጨርሳለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ እሺ አትበሉ። አንድ የተጭበረበረ ወረቀት ማኅደራችሁ ውስጥ ከገባ ዝውውሩ ብቻ ሳይሆን ሙያችሁም አደጋ ላይ ነው። ዓመታት ተምራችሁ ያገኛችሁትን ስም በጉዳይ አስፈጻሚ እጅ አታስገቡ።

ራሳችሁ መሄድ ካልቻላችሁ ውክልና ስጡ። ለምሳሌ ዓለም ከተማ እናት ሆስፒታል ተረኛ ሆና ባሕር ዳር መሄድ ያልቻለች ነርስ ወንድሟን ልትወክል ትችላለች። ውክልናው ላይ የሙያ ፈቃድ ጉዳይን እንዲያስፈጽም፣ ደብዳቤ እንዲያስገባና እንዲቀበል በግልጽ ይጻፍ። ለቤት ሽያጭ ወይም ለባንክ የተሰጠ አሮጌ ውክልና እዚህ አያገለግልም።

ጊዜውንም ምረጡ። ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ መጀመሪያ የበጀት መዝጊያ ነው፤ ቢሮ ሁሉ በሪፖርት ይወጠራል። ቀጥሎ ደግሞ አዲሱ ዓመትና መስቀል ይመጣሉ። ከጥቅምት ወዲያ ያሉት ወራት ይሻላሉ።

ፈቃዱ እስኪደርስ

ቀጣሪው ሊያጣድፋችሁ ይችላል። «ሥራ ጀምሪ፣ ወረቀቱ በኋላ ይደርሳል» የሚል አለ። እሺ አትበሉት። ፈቃድ በሌላችሁበት ክልል በሽተኛ ማከም ሕግ መጣስ ነው። ከሕጉ በላይ ግን በሽተኛው አለ። ወሊድ ላይ ወይም መርፌ ላይ አንድ ነገር ቢፈጠር የሚጠይቀው ቤተሰብ መልስ ይገባዋል፤ እናንተም ቆማችሁ የምትመልሱበት ሕጋዊ መሬት ያስፈልጋችኋል። ያለ ፈቃድ ስትሠሩ የተገኛችሁ ከሆነ ቀጣሪው አላውቅም ሊል ይችላል፤ ፊርማው ግን የእናንተ ነው። ጫና ከበዛባችሁ የገባው ማመልከቻ ኮፒ ላይ ቁጥሩን ጽፋችሁ ለቀጣሪው በደብዳቤ አስገቡ፤ የሥራ መጀመሪያው ቀን እንዲራዘም ጠይቁ። ጨዋ ቀጣሪ ይረዳል።

ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት በዝውውር የምትመጡ ከሆነ ደግሞ ተቀባዩ ክፍት መደብ እንዳለውና እንደሚቀበላችሁ በደብዳቤ እስኪያሳውቅ ድረስ መልቀቂያ አትጠይቁ። የሥራ ዝውውሩና የፈቃዱ ዝውውር ሁለት መንገድ ናቸው። አንዱ ስላለቀ ሌላው አለቀ ማለት አይደለም።

አዲሱ ፈቃድ ሲሰጣችሁ ስም፣ ሙያ፣ ደረጃ፣ ፎቶና የሚያበቃበትን ቀን እዚያው መስኮት ላይ አንብቡ። ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ጠይቁና ሦስት ወር ቀደም ብሎ የሚያስታውሳችሁ ማንቂያ ስልካችሁ ላይ ሙሉ። ኮፒውን ለሰው ሀብት ክፍል ስትሰጡ በሌላ ኮፒ ጀርባ ላይ የተቀበለውን ሰው ስም፣ ቀንና ፊርማ ያዙ። የቀድሞው ክልል ፈቃድ እንዲመለስ ከተጠየቃችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ሁለቱንም ገጽ ስካን አድርጋችሁ አስቀሩ፤ የሥራ ልምድ ሲሰላ ቁጥሩ ይፈለጋል።